ወንዙ ያልመለሰው ሰው

ፓርኩ ውስጥ ጎብኚ በጀልባ እያዞረ ጉማሬና ወፍ የሚያሳየው ቀዛፊ ቅዳሜን ይፈራ ነበር። ቅዳሜ ሴትዮዋ ትመጣለች።

ባሏ ከጠፋ ዓመት ሊሞላው ነው። ጫማውና ኮፍያው ወንዙ ዳር ተገኙ፤ ያገኘቻቸውም እሷው ናት። ሰውየው ሰጠመ በተባለበት ሰዓት ቀዛፊው ጀልባው ውስጥ እንቅልፍ ጥሎት ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው። ሆድ ግን መቼ ይፈጃል! ከዚያ ወዲህ ጎህ ሲቀድ ከሸምበቆው ውስጥ «ድረሱልኝ» የሚል ድምፅ ይሰማዋል። ቀዝፎ ይሄዳል፤ ማንም የለም።

«ዛሬስ ምንም አልተገኘም?» ትለዋለች በመጣች ቁጥር።

«ምንም የለም፣ እትዬ።»

ረጅም ትንፋሽ ታወጣለች። ከዚያ ጉማሬዎቹን ትንሽ አይታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ያ ትንፋሽ የቀዛፊውን አንጀት ይበላዋል። ዘመዶቿ ቤቱን ሽጠሽ እኛ ጋ ነይ ቢሏት በጄ አላለችም አሉ። አንድ ቀን ይመጣል ብላ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ምስኪን።

በመጨረሻ አንድ መላ መጣለት። ሬሳ ባይገኝ መቃብር አይጠፋም። አርብ ማለዳ ከጎብኚ መንገድ ራቅ ብሎ ጉድጓድ ቆፈረና ባዶውን መልሶ ደፈነው፤ ድንጋይም ከመረበት። እሷ እርሟን ታውጣ፣ እሱም እንቅልፉን ያግኝ። ውሸት ቢሆንም ለጽድቅ ነው ሲል ራሱን አጽናና።

ቅዳሜ መጣች።

«እትዬ፣ እስቲ ቁጭ ይበሉ።»

«ምነው፣ ምን ተገኘ?»

«ባለቤትዎን ወንዙ መለሳቸው። ሸምበቆው ውስጥ አገኘኋቸው። ለሕግ ብናገር ያንገላቷቸዋል ብዬ እኔው እዚያ ጋ በክብር አሳረፍኳቸው።»

ታለቅሳለች ብሎ ጠበቀ። አላለቀሰችም። ድንጋዩን እያየች ፊቷ አመድ መሰለ።

«እሱ መሆኑን በምን አወቅክ?»

«በቀለበታቸው» አለ። ስለ ቀለበቱ በአፋልጉኝ ማስታወቂያው ላይ አንብቦ ነበር። «የብር ቀለበታቸው ከጣታቸው አልወጣም።»

ክንዷን ይዞ ቀስ አድርጎ አስቀመጣት። እጇ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። እሱ መኖሩንም የረሳች ይመስል ለራሷ ተናገረች።

«ጓዳዬ ውስጥ የቀበርኩትን ማን አወጣው?»