የሰባተኛው ስላይድ ፀጉር

የእንስሳት ሐኪሟ ስድስተኛውን ስላይድ ከማይክሮስኮፑ አንስታ ሰባተኛውን ታስገባለች። ትሪው ላይ ዐሥራ ሁለት ናሙናዎች ተደርድረዋል፤ ከዐሥራ ሁለቱ አንዱ የአባቷ ውሻ ዕጢ ነው። የትኛው እንደሆነ አታውቅም።

ደንቡ እንዲህ ነው። ሥጋውን በስሱ የሚቆርጡትና ቀለም የሚያጠጡት አዛውንቱ ቴክኒሻን የማዘዣ ወረቀቶቹን ደፍተው ያስቀምጣሉ። «መጀመሪያ ዐይን፣ ከዚያ ወረቀት» ይላሉ። ወረቀቱን ቀድሞ ያነበበ ሐኪም የፈለገውን እንጂ ያለውን አያይም ባይ ናቸው። ዛሬ ጠዋት ብትለምናቸውም «ዶክተር፣ ለአባትሽም ቢሆን አልገልጠውም» ብለዋታል።

አባቷ ታች ኮሪደሩ ላይ ውሻውን እግሩ ሥር አስተኝቶ ይጠብቃል። ዐይኑ ከጠፋ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እናቷ ከሞተች ደግሞ አራት። ከዚያ ወዲህ መንገዱም፣ ወዳጁም፣ የሚያኮርፈውም ያ ነጭ ውሻ ነው። የውሻውን እብጠት በጣቱ ዳብሶ ያገኘውም አባቷ ነው። ባልደረባዋ ቆርጦ ሲያወጣው እሷ ለማየት አልደፈረችም፤ በሩ ላይ ቆማ ፊቷን አዞረች።

ዐይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ ትደቅናለች። ክብ ክብ ህዋሳት ከቆዳው ሥር እንደተደፋ ሽምብራ ተበትነዋል። ክብ ህዋስ ደግሞ አስመሳይ ነው፤ በራሱ ጊዜ መጥቶ በራሱ ጊዜ የሚጠፋው ዕጢም ክብ ነው፣ ገዳዩም ክብ ነው። የሚለያቸው በውስጣቸው የያዙት ጥቃቅን ፍሬ ነው፤ የገዳዩ ፍሬ ሰማያዊ ቀለም ሲነካው ወይን ጠጅ ይሆናል። አዛውንቱ በሰማያዊ ቀለም ያዘጋጁትን መንትያውን ስላይድ ታስገባለች። ፍሬዎቹ ወይን ጠጅ ሆነው ይወጣሉ።

ማስት ሴል የሚባለው ገዳዩ ዕጢ ነው። አሁን የቀረው ክፋቱን መለካት ነው፤ በማይክሮስኮፑ ዐሥር እይታ ውስጥ ለሁለት ሲከፈሉ የተያዙት ህዋሳት ሰባት ከሞሉ ክፉው ዓይነት ነው። ትቆጥራለች። ሦስት። አምስት። ስምንት። ዐሥራ አንድ ላይ ስትደርስ መቁጠሩን ትተዋለች።

ፀጉሩን ያየችው ያኔ ነው። በስላይዱ ዳር የፀጉር ሥሮች ተሰልፈዋል፤ ሁሉም በተፈጥሮ ጥቁር ቀለም ጢም ብለዋል። የአባቷ ውሻ ግን ጥጥ የመሰለ ነጭ ነው!

«ተመስገን!» ትላለች ጮክ ብላ።

አዛውንቱ ቀና ይላሉ። «ምን ተገኘ?»

«የእኛ አይደለም። የሌላ ሰው ነው።»

«በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት አሉ!»

ታፍራለች፤ ደስታዋ ግን ከእፍረቷ ይበልጣል። ዘጠነኛው ላይ ነጭ ፀጉር ታገኛለች፤ ምንም የማይጎዳ የስብ ዕጢ ነው። «የእኛ ይሄ ነው» ትላለች እየሳቀች። ዐሥራ ሁለቱንም ጨርሳ ወረቀቶቹን ትገለብጣለች።

ዘጠነኛው የድመት ነው። ሰባተኛው ላይ በባልደረባዋ የእጅ ጽሑፍ የአባቷ ስም ሰፍሯል፤ ከሥሩም «ውሻ፣ ወንድ፣ ዘጠኝ ዓመት፣ ግራ ብብት» ይላል።

«ተቀያይሯል» ትላለች።

«እኔ እጅ ላይ?» ይላሉ አዛውንቱ ቀስ ብለው።

ደረጃውን እየሮጠች ትወርዳለች። ባይሆን፣ ባይሆን፣ ባይሆን ትላለች በልቧ።

አባቷ ኮቴዋን ለይቶ ፈገግ ይላል። «መጣሽ የኔ እናት?»

«አባዬ፣ ውሻው ጥቁር ቦታ አለው እንዴ?»

«እንዴታ! ብብቱ ሥር፣ እንቁላል የምታክል። ቡችላ ሆኖ ዐይኔ ሳይጠፋ ነው ያየኋት። ምነው፣ አንቺ አላየሻትም?»

ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሲያሻሸው ውሻው በጀርባው ተንጋሎ እግሩን ያነሳላቸዋል። በግራ ብብቱ ስፌት ዙሪያ የተላጨው ፀጉር ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ጥቁር ነው።