የደጀኔ ድካም

ሽታዬ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ከአራተኛ ፎቅ ስትወርድ ሦስተኛው ላይ ጉልበቷ ከዳት፤ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። የሩጫ ክበብ አባላት ድካማቸውን ወደ ቤተሰብ እንዲያስተላልፉ ከተፈቀደ ወዲህ፣ የባሏን የደጀኔን የእሁድ ድካም የምትቀበለው እሷ ናት። ዛሬ ግን የእህቷ ልጅ ክርስትና ነው። ሕፃኗን አቅፋ የምትቆመው እሷ ስለሆነች፣ ደጀኔ ግማሹን ብቻ ሮጦ ሊያቆም ቃል ገብቶላት ነበር።

ደወለችለት።

"አንተ፣ አልጨረስክም እንዴ?"

"ግማሹንማ ጨርሰናል፤" አለ፣ ሻይ ቤት የተቀመጠ በሚመስል ድምፅ። "ልጆቹ ሌላ ዙር እንጨምር አሉ። ማንም እኮ አልደከመውም።"

"እኔ ደክሞኛል።"

"እሱማ ያለ ነው፣ ሽትዬ። ትንሽ አረፍ በይ።"

"ቄሱ እኔ እስካርፍ ይጠብቁኛል?"

"ዳገቷን ብቻ ልጨርሳት። ጋሽ ተሰማ እንኳ በዚያ ዕድሜያቸው እየሮጡ ነው።"

"ሚስታቸው ከአልጋ መውረድ አቅቷቸው የለም እንዴ?"

"እሱን አላውቅም፤ ሲሮጡ ግን ብታያቸው።"

ሽታዬ ስልኩ ላይ "ድካሙን መልስ" የሚለውን ነካች፤ እግሯ ወዲያው ቀለላት። ከወዲያ በኩል፣ ከተጋቡ ጀምሮ ሰምታው የማታውቀው ማለክለክ መጣ።

"ምን... አደረግሽ? አሁን እንዴት ነው ቤት የምደርሰው?"

"ቀስ እያልክ፤" አለችውና ነጠላዋን አስተካክላ መውረድ ጀመረች።