አስማን ማን አስመዘገባት?

ሉልሰገድ ተክላይ ሲስተር ረይሀናን ገና ከደጅ ሲያያት ደሙ ይፈላል። ፒያሳ ባለው የወረዳው የጤና መድን ቢሮ መስኮት ሁለት ላይ የሚቀመጠው እሱ ነው። እሷ ደግሞ ነጭ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ፣ ቤተሰብ ፋይል ውስጥ ያልገባ ልጅ አስከትላ ከጤና ጣቢያው ከች ትላለች።

የዛሬዋ አስማ ናት፤ የሰባት ዓመት ልጅ፣ የልብ ሕመምተኛ። እናቷ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ መታወቂያ የሌላት ሴት ናት።

«አርብ ምዝገባ ይዘጋል» አለች ሲስተር ረይሀና። «ያለ ካርድ ሆስፒታል ብልካት ማን ያክማታል? እስከ ከርሞ የምትቆይ ልጅ አይደለችም።»

«በማን ፋይል ልጻፋት? በአንቺ?»

«የእኔ ቤት ሌላ ክፍለ ከተማ ነው።»

«እንግዲያው ደባል አድርጎ የሚያስጽፋት ሞኝሽን ፈልጊ! ሕግ ሕግ ነው።»

«ልጅ ናት እኮ! ትንሽ አይከብድዎትም?»

«ቀጣይ!»

ሲስተር ረይሀና የአስማን እጅ ያዘች። «ልብ የሚባል ነገር አልፈጠረብዎትም» አለችው፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ።

ሉልሰገድ ምሳውን እሪ በከንቱ ሰፈር፣ እቤቱ ወርዶ ነው የሚበላው። ንዴቱን የሚያራግፈውም ሚስቱ ሉዋም ላይ ነው፤ ያባረረውን ልጅ ሁሉ በስም እየጠራ።

«ስሟን ማን አልከኝ?» አለች ሉዋም፣ ወጥ እየጨለፈችለት።

«አስማ አብዱረህማን። ምን ያደርግልሻል?»

«ምስኪን። እናቷስ የት ነው የምትሠራው?»

«ውቤ በረሃ፣ አንድ ነጋዴ ቤት። ኧረ እኔ ምን ቸገረኝ! እኔ እንደሆንኩ የራሴን ቤት ፋይል እንኳ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ሠራተኛ የቤተሰቡን ፋይል አይነካም ተብሎ ኃላፊያችን ጋ ተቆልፏል፣ አልነካም!»

ሉዋም እንጀራ ጨመረችለት። ብዙ የማትናገር ሴት በመሆኗ ይወዳታል።

ሰኞ ጠዋት ለጤና ጣቢያው የሚላከውን የአባላት ዝርዝር ሲያገላብጥ ዓይኑ ፈጠጠ። አስማ አብዱረህማን! ወደ ኋላ ሄዶ ቢያይ አምና ያባረራቸው አምስት ልጆችም አሉበት። ስድስቱም በአንድ ፋይል ቁጥር፣ ስድስቱም ደባል!

«እጅ ከፍንጅ!» አለ። ልቡ ቅቤ ጠጣ። ለካ ይቺ ነጭ ለባሽ ካርድ ትቸበችባለች! ፋይሉን ከመደርደሪያው ቢፈልግ አጣው። በቀጥታ ወደ ኃላፊዋ ወደ ወይዘሮ ትርሓስ ገባ።

«ሌባ ናት! ፖሊስ ይጠራ፣ ስድስቱም ካርዶች አሁኑኑ ይሰረዙ!»

ሲስተር ረይሀና ተጠርታ መጣች። ጉዳዩን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ።

«አስማ ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል ተኝታለች» አለች ለወይዘሮ ትርሓስ። «ካርዱ ከተሰረዘ ያስወጧታል። እኔን እሰሩኝ፣ እሷን ተዉአት!»

«በማን ቤት እንዳስጻፍሻቸው ተናገሪያ!» ጮኸ ሉልሰገድ። «ስንት ከፈልሽው?»

«ሰባራ ሳንቲም አልከፈልኩም። ስም ግን አልናገርም፤ ቃል ገብቻለሁ።»

«ዓይንሽ ላፈር! የሰውን ልጅ በነፃ በቤቱ የሚያስጽፍ አዲስ አበባ ውስጥ የት አለ?»

ወይዘሮ ትርሓስ ከተቆለፈ መሳቢያቸው ፋይሉን አወጡና ገለጡት። ረጅም ጊዜ አነበቡ። ሉልሰገድን ቀና ብለው አዩት፤ ደግመው አነበቡ።

«ይሰረዝ ነው የምትለው?»

«አሁኑኑ! ያስጻፈው ሰውም ከእሷ ጋር ይታሰር!»

«እንግዲያው አንብብና ራስህ ፈርምበት» ብለው ፋይሉን ገፉለት።

ሉልሰገድ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ መዝዞ ጎንበስ አለ።

የቤቱ ኃላፊ፦ ሉልሰገድ ተክላይ። አስመዝጋቢ፦ ባለቤቱ ሉዋም።