የአሰገደች ፓፓያዎች

የድሬ ሰው ብርድ የሚያውቀው ሐረር ሲወጣ ነው። ዘንድሮ ግን ብርዱ ራሱ ቁልቁል ወረደ። ቆላው ጀልዴሳ እንኳ ከብት በሚጠጣበት ገንዳ ላይ በረዶ ታየ ተባለ፤ እውነት ይሁን ውሸት ፈጣሪ ይወቀው። የአሰገደች ፓፓያዎች ግን ታኅሣሥ እንደገባ ቅጠላቸው መጠውለግ ጀመረ።

ወይዘሮ አሰገደች ያረፉት ባለፈው ክረምት ነው። ከመሞታቸው በፊት አምስት የፓፓያ ችግኝ በግቢው ግንብ ሥር ተከሉ። ከዚያ አልጋ ላይ ሆነው ባላቸውን አቶ ገብረ መድኅንን፣ «እነዚህ ቆመው እያሉ ይህን ቤት ጥለህ እንዳትሄድ» ብለው አስማሏቸው። አቶ ገብረ መድኅን በንስሐ አባታቸው ፊት መስቀል ጨብጠው ማሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ጣቢያ ለባቡሩ ምልክት የሚሆነውን ቀይና አረንጓዴ ባንዲራ ሲዘረጉና ሲጠቀልሉ የኖሩ፣ ካሉት ዝንፍ የማይሉ ሰው ናቸው።

መዘዙ የተረፈው ለልጃቸው ለኑኃሚን ነው። ለቀብር መጥታ በዚያው ቀረች። አባቷ ስኳር አለባቸው፤ ጠዋትና ማታ መርፌ የምትወጋቸው እሷ ናት። እሷ ዕቃዋን ልታመጣ ሄዳ አንድ ሳምንት ብቻቸውን ቢቀሩ ሁለቴ ማድ ቤት ውስጥ ወድቀው ተገኝተዋል። እሷ ደግሞ ሐዋሳ የመምህርነት ሥራ አግኝታለች። አንዴ ለምና አራዝማለች፤ እስከ ታኅሣሥ ሃያ አምስት ካልተገኘች ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

አብረን እንሂድ ብላ ለመነቻቸው። መሐላ አለብኝ አሉ። በቃ፣ እዚያ ላይ ወሬው ያልቃል።

የግቢው በር ተቆልፎባት አያውቅም። ሆኖም ከተማውን ለሁለት የሚከፍለውን የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ከተሻገረች ወር አልፏታል።

ሁልጊዜ ፀሐይ ስትጠልቅ በየችግኙ ዙሪያ የተተከሉት እንጨቶች ላይ ጆንያ ትዘረጋለች፣ ጠርዙ ላይ ድንጋይ ትጭናለች። አባቷ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያዩዋታል።

«ስንት ቀን ቀረሽ?» ይሏታል።

«ለምኑ አባዬ?»

«ለሥራሽ።»

እያወቁ ምን ያስጠይቃቸዋል?

የነቢያት ጾም ስለነበር አቶ ገብረ መድኅን ሳይነጋ ከዘራቸውን ይዘው ለኪዳን ጸሎት ይወጣሉ። እሷ ስትነሣ እሳቸው ደርሰው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ኑኃሚን ስትወጣ የዳርኛው ችግኝ ራቁቱን ቆሟል። ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን መስሏል። ድንጋዮቹ ወደ ጎን ተደርድረዋል። ጆንያው እንደ ዱላ ጥብቅ ብሎ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተወሽቆ፣ ግንቡን ተደግፏል። አባቷ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አዩት፤ አማተቡና ገቡ።

በሦስተኛው ቀን ሁለተኛው ሞተ። በአምስተኛው ሦስተኛው።

ሂቦ ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ጎረቤት ናት። ላስቲክ ብታለብሷቸው ይሻላል ብላ አንድ ጥቅል ይዛ መጣች። ግንቡ ሥር ያለውን ጥቅል ጆንያ አንስታ አገላብጣ አየችው።

«ፍየል አይጠቀልልም» አለች። «ንፋስም አይጠቀልልም።» ከዚያ ኑኃሚንን ትክ ብላ አየቻት። «ወላሂ እኔ አልፈርድብሽም።»

ኑኃሚን ላስቲኩን ተቀበለቻት። ምን ትበል? እንዲሞቱ ተመኝታለች እኮ። አንድ ማታ ድንጋዩን ሳትጭን ገብታ፣ ሻይ አፍልታ፣ ሻዩን ሳትጠጣ ተመልሳ ጭናለች። የእናቷን ተክል ሞት መመኘት እናቷን ደግማ መቅበር መሰላት፤ በራሷ አፈረች።

አባቷም እየከሱ ሄዱ። የንስሐ አባታቸው ስግደት አዘዋቸው ኖሮ ጠዋት ሲመለሱ የሱሪያቸው ጉልበት አቧራ ብቻ ነው። ለእናቴ ነፍስ ነው ብላ አልጠየቀቻቸውም።

አራተኛውም ሄደ። ታኅሣሥ ሃያ ሁለት ቀን አንድ ብቻ ቀረ።

የዚያን ዕለት ኑኃሚን እልህ ያዛት። ሥራው ገደል ይግባ፣ ይቺን አንዲትማ አላስነካም አለች። ላስቲኩን አለበሰች፣ ጆንያውን ደረበች፣ አልበቃ ሲላት የአንገቷን ቀይ ሻርፕ ፈታ ከላይ አሰረችበት። ከዚያ በረንዳው ላይ አባቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

«አባዬ፣ እኔ አይደለሁም።»

አቶ ገብረ መድኅን ራሷን ዳበሷት። «አውቃለሁ» አሉ።

ጠዋት ሻርፑ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ተወሽቆ፣ ግንቡ ሥር ተቀምጧል። ፓፓያዋ ጠቁራለች።

ኑኃሚን መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከሐዘን ይሁን ከእፎይታ እሷም አልለየችውም። ሂቦ በበሩ በኩል አየቻትና ሳትገባ ተመለሰች። አባቷ መጡ፤ ጎንበስ ብለው ግንዷን ነካ አደረጉ።

«የቆመ የለም» አሉ። «ሻንጣሽን አዘጋጂ። እኔም እመጣለሁ።»

ሃያ አራት ቀን ማለዳ ሂቦ ለመንገድ ቴምር ይዛ ልትሸኛቸው መጣች። አባባ እያለች አቶ ገብረ መድኅንን አቅፋ አለቀሰች። ለኑኃሚን እጇን ብቻ ሰጠቻት።

አውቶቡሱ ውስጥ ብርዱ ይቆነጥጣል። ኑኃሚን ሻርፑን ፈታ አባቷ አንገት ላይ ጠመጠመችላቸው። ሰው ፓፓያዎቹን ገደለች ይለኛል እያለች እስከ ሁርሶ ድረስ አንገቷን ደፍታ ሄደች። ሁርሶን ሲያልፉ ፀሐይ ወጣች፣ ውስጡም ሞቀ።

አቶ ገብረ መድኅን ሻርፑን ከአንገታቸው ፈቱት፤ ዓይናቸው ከመስኮቱ ውጭ እንደተተከለ እጃቸው ብቻውን ከጠርዙ ጀምሮ ጥብቅ አድርጎ ጠቀለለው፣ ጫፉንም ወደ ውስጥ ወሸቀው።