ሰማንያኛው ደረጃ ላይ የቀሩት ሽማግሌ

ይህን ካመናችሁኝ ምላሴን ለድመት ስጡት። የነገረኝን ሰው እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ አስምዬው ነው የተቀበልኩት፤ እናንተ ግን እንደማታምኑኝ ከወዲሁ እምላለሁ።

ከተማዋ ሐይቅ ዳር ናት፤ ሐይቁ ራሱ ግን ያለው ሰማይ አፍንጫ ሥር ነው። እዚያ ያስነጠሰ ሰው ደመና ይበትናል። አየሩ ስስ ስለሆነ፣ አዲስ የመጣ እንግዳ የጫማውን ማሰሪያ አስሮ ቀና ሲል ተራራ የወጣ ያህል ያለከልካል።

አንድ ሃያ ዓመት የሞላው ያልሞላው ጎረምሳ፣ ጎጆ የሚያህል ቦርሳ አዝሎ፣ ከሰዓት በኋላ ከጀልባ ወረደ። አገር ለማየት ነው የመጣው። በየደረሰበት አገር አንድ ድንጋይ እያነሳ ቦርሳው ውስጥ ይከታል፤ በእናቱ የአበባ መደብ ዙሪያ የሚደረድረው ማስታወሻ ነው። ማረፊያው ከጀልባ መውረጃው በላይ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ከታች እስከ ላይ ደረጃ ብቻ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ዓይኑ ብዥ አለበት።

"ልጄ፣ ዛሬ ነው የመጣኸው?" አሉት አንድ ሽማግሌ፣ የሰሌን ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው። እግራቸው የክብሪት እንጨት ነው። ነፋስ ያልወሰዳቸው ባርኔጣው ስለከበዳቸው ይመስላል።

"አዎ፣ አባባ።"

"ብቻህን?"

"ብቻዬን።"

"በል አምጣው፣ ላግዝህ።"

"ኧረ በፍጹም! በእርስዎ ዕድሜ?"

"አንተ ልጅ፣ እኔ ጥርስ ያበቀልኩት እዚህ ደረጃ ላይ ነው። አምጣ ብያለሁ!"

ማፈሩንስ አፈረ፤ ግን ትንፋሹ ከሐፍረቱ ቀድሞ አልቆ ነበር። ሰጣቸው።

ሽማግሌው ቦርሳውን ተሸክመው ከፊት፣ ጎረምሳው እጁን አንጠልጥሎ ከኋላ። ልብስ የምታሰጣ ሴት ሁለቱንም አየቻቸውና ራሷን ነቀነቀች። ጎረምሳው "ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ" አለ በሆዱ።

ሰማንያኛው ደረጃ ላይ ሽማግሌው ቆሙ። ቦርሳውን እንደ እንቁላል ቀስ አድርገው ግድግዳው ጥግ አስቀመጡት። ከዚያ ደረታቸውን ይዘው በግድግዳው ተንሸራተቱ።

"ልጄ... ሐኪም... ጫፉ ላይ ክሊኒክ አለ... እኔን ተወኝና ሩጥ..."

ዓይናቸው ተከደነ። እጃቸው የቦርሳው ማንገቻ ላይ ወደቀ። ጎረምሳው ጠራቸው፤ ነቀነቃቸው። አፍንጫቸው ሥር ጣቱን ቢያደርግ ትንፋሽ የለም። ለነገሩ ያን ሰዓት እሱም አልነበረውም።

ሮጠ ብል ውሸት ይሆንብኛል። እኩሌታውን በእግሩ፣ የቀረውን በእጁ ወጣው። ኤሊ ብታየው ኖሮ ልቅደምህ ለማለት ታፍር ነበር።

ነርሷ በሩ ላይ ደግፋ ያዘችው።

"ሽ... ሽማ..."

"ዝም በል፣ አትናገር! የመጀመሪያ ቀን ሁሉንም እንዲሁ ነው የሚያደርጋቸው።"

አልጋ ላይ ዘርራ ኦክስጅን አፉ ላይ ደፋችበት። ለመነሳት በሞከረ ቁጥር በአንድ እጇ መልሳ ታስተኛዋለች፤ ክንዷ የጀልባ ምሰሶ ነበር አሉ። እስክትለቀው አንድ ሰዓት ሙሉ አለፈ።

ሲመለስ ሰማንያኛው ደረጃ ላይ ባርኔጣው ብቻ ተገልብጦ ቀርቷል።

"ሬሳቸውን አንስተውታል" አለ ጎረምሳው በሆዱ። "ቦርሳውን ደግሞ ለማስረጃ ወስደውታል።" ስሙ በትልቁ ተጽፎበታል። አሁን ከተማው ሁሉ የገዳዩን ስም ያውቃል ማለት ነው።

ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አቅፎ ወደ ሐይቁ ወረደ። አንድ አናጢ ረጅም ጣውላ ይልጋል። ጎረምሳው በዓይኑ ለካው፤ ልክ የእሳቸው ቁመት ነው።

"የምትሄድ ግባ! የመጨረሻዋ ጀልባ ናት!" ይላል ጀልበኛው።

አንድ እግሩን ጀልባው ላይ አደረገ። ማንም አላየውም፤ ማንም አልጠራውም። ቁልቁል ባርኔጣውን አየ። ጠርዙ ላይ በነጭ ክር የተሰፋ ቦታ አለ። ይሄን የሰፋች ሚስት ወይ ልጅ አሁን የት ሆና ታለቅስ ይሆን?

"ትሄዳለህ አትሄድም?"

"አልሄድም" አለና እግሩን መለሰ።

ያን ደረጃ እንደገና፣ እንባውን እየጠረገ፣ በየአሥሩ እየተቀመጠ ወጣው። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ደጃፏ ላይ አንሶላ ታጥፋለች።

"ግባ ልጄ። ምነው አመድ መሰልክ? ዕቃህስ?"

"እትዬ፣ ፖሊስ ይጥሩልኝ።"

"ምን ሆንክና?"

"ሰው ገድያለሁ።"

አንሶላው ከእጇ ወደቀ። ጎረምሳው ከአሥራ ሁለተኛው እስከ ሰማንያኛው ደረጃ አንድም ሳያስቀር ተናዘዘ።

"ድንጋይ እኮ ነው ያሸከምኳቸው፣ እትዬ! እኔ ጎረምሳው ባዶ እጄን፣ እሳቸው የአሥራ አንድ አገር ድንጋይ!"

ባርኔጣውን በሁለት እጁ አቀረበላት። ሴትዮዋ ተቀበለችው፤ ገለባብጣ አየችው፤ ከዚያ ጓሮ ወዳለው ባሏ ዞራ ጮኸች፦

"አንተ ሰውዬ፣ ና ውጣ! ሽማግሌው ዛሬም ሞተልህ!"