ባለ ድርሻው

አዲሱን መመሪያ ለሠራተኞቹ ያነበበላቸው ወልደ ኢየሱስ ነበር። ሰመራ ባለው የማዕድን ፈቃድ ክፍል የቡድን መሪው እሱ ነው፤ በአገልግሎትም ከሁሉም ይበልጣል። መመሪያው ግልጽ ነው። የትዳር ጓደኛው፣ ልጁ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ በማዕድን ፈቃድ ውስጥ ድርሻ ያለው ሠራተኛ ማሳወቅ አለበት። ሳያሳውቅ የተገኘ ይሰናበታል፤ ፈቃዱም አይሰጥም።

አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀና፣ «እኛ ንጹሕ ካልሆንን ማንን ልንከለክል ነው?» አለ።

ሙጂባ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ነበር። የክፍሉ የሕግ ባለሙያ ናት፤ የዱብቲ ልጅ። ወልደ ኢየሱስ ወባ ጥሎት ዱብቲ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ከእናቷ ቤት የግመል ወተት እያመላለሰች አስታማዋለች። ከዚያ ወዲህ እንደ ልጁ ነበር የሚያያት።

በዚያው ሰሞን ሐብታሙ የሚባል የጭነት መኪናዎች ባለቤት የጄሶ ድንጋይ ለማውጣት አመለከተ። የጠየቀው ቦታ አርብቶ አደሮች ከብት ከሚያጠጡበት ጉድጓድ አጠገብ ነው፤ ሽማግሌዎቹም አንፈልግም ብለዋል። ማመልከቻው ላይ የሰፈረው የድርጅቱ ስም ብቻ ነበር። ከጀርባው እነማን እንዳሉ ማጣራት የሙጂባ ሥራ ነው።

ሙጂባ ሥራውን ያዘችና አልለቅ አለች። ወልደ ኢየሱስ ሲጠይቃት ነገ ትላለች፤ ነገ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ምክንያት ታመጣለች። ከዚያ ሎግያ ከተማ አንድ ሻይ ቤት ከሐብታሙ ጋር ተጠጋግታ ስታወራ ሰዎች አዩዋት። ወንድሟ የሐብታሙ መኪና ሹፌር መሆኑን ያላወቀ አልነበረም።

«ከዚህ ሰውዬ ጋር ምን አለሽ?» አላት አንድ ቀን ቢሮው ጠርቶ።

«ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ ጋሼ። የምጨርሰው ነገር አለ።»

«ምኑን ነው የምትጨርሽው?»

ሙጂባ ሻርፗን አስተካከለች። «ለእርስዎ የምነግረው አይደለም» አለችው፤ ቀና ብላም አላየችው።

ወልደ ኢየሱስ በእሷ ፈንታ እሱ አፈረ። ያን ሁሉ ዘመን ያመናት ልጅ መሬት መሬት ስታይ፣ «ሂጂ» አላት።

ቅዳሜ ቤተሰቡ ወዳለበት ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ ሄደ። ሚስቱ ኮከብ ምሳ አቀረበች። ልጃቸው ሎዛ ንግድ ከጀመረች ወዲህ ቤት አትገኝም ነበር፤ ያን ቀን ግን አብራቸው ቀረበች። ወልደ ኢየሱስ እየበላ የሙጂባን ነገር አነሳ።

«አትቸኩልባት» አለች ኮከብ። «ሞትህ ሲጠበቅ የደረሰችልህ ልጅ ናት።»

«እሱ እኮ ነው ያሳፈረኝ።»

«ምን ያደርጓታል?» አለች ሎዛ።

«ትባረራለች። ምናልባትም ትከሰሳለች።»

ሎዛ እጇን ልትታጠብ ተነሣች። ከጉርሻ ያለፈ አልበላችም። ሙቀቱ ነው፣ አለ ወልደ ኢየሱስ በልቡ፤ አዋሽ በዚህ ወር ምግብ አያስበላም።

ሰኞ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ጥቆማ ሰጠ። ወሬው በአንድ ጊዜ ቢሮውን ሞላው። ሙጂባ ስትገባ ሰው ወሬ ይቀይራል፤ ሻይ ስትጋብዝ ሁሉም ጠጥቻለሁ ይላታል። ወልደ ኢየሱስ በኮሪደር ሲያያት መንገድ ይቀይር ጀመር። እሷ ግን ሰላምታዋን አላቋረጠችም፤ እንደ ወትሮው «እንዴት አደሩ ጋሼ» ትለዋለች፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ ያሸማቅቀው ነበር።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሰኢዳ መሐል ተቀመጡ። ወልደ ኢየሱስ ጠቋሚ ስለሆነ በሩ አጠገብ ወንበር ተሰጠው።

«ወንድምሽ በድርጅቱ ውስጥ ድርሻ አለው?» ብለው ጠየቁ ሰኢዳ።

«የለውም። ደሞዝተኛ ሹፌር ነው።»

«ታዲያ ሐብታሙን ለምን ታገኚው ነበር?»

ሙጂባ ጣቶቿን አቆላለፈች። «ከባለ ድርሻዎቹ አንዱን እንዲያስወጣ እየለመንኩት ነበር። ስሙ ለቢሮው ሳይደርስ።»

ክፍሉ ውስጥ ጉርምርምታ ተሰማ። ሰኢዳ በእጃቸው ዝም አሰኙ።

«ይህ ራሱ ጥፋት መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ቅጣቱን እቀበላለሁ። ግን ወላሂ፣ ለራሴ ብዬ አይደለም።»

«ሰውየው ማነው?»

ሙጂባ፣ «ጋሼ ወልደ ኢየሱስ ይውጡና እናገራለሁ» አለች።

ወልደ ኢየሱስ ሳያስበው ከወንበሩ ተነሣ። «የትም አልሄድም። ከእኔ የሚደበቅ ምን አለ? የማንን ነውር ነው የምትሸፍኚው?»

ሙጂባ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ይቅርብዎ ጋሼ» አለችው በዝግታ።

«ባለጌ» አላት። በሕይወቱ ለሴት ልጅ እንዲህ ያለ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ወዲያው ጆሮ ግንዱ ድረስ ጋለው፤ ቃሉን ግን አልመለሰውም።

ሰኢዳ መነጽራቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ማስጨነቁ ይብቃ። ሐብታሙን ከአንተ ሌላ ድርሻ ያለውን ሰው ይዘህ ና ብለነው ነበር፤ ውጭ እየጠበቁ ናቸው። አቶ ወልደ ኢየሱስ፣ እርስዎ ቅርብ ነዎት፤ እስቲ በሩን ይክፈቱላቸው።»

ሙጂባ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

ወልደ ኢየሱስ እጀታውን ይዞ በሩን ሳበው፤ ሎዛ አንገቷን ደፍታ ደጃፉ ላይ ቆማለች።