የሰው እጅ ያልነካው ጠገራ

ጠይብ ደባርቅ ከተማ ባለው የጨርቅ ሱቁ ቆሞ፣ ጥራቱ ተመርምሮ ደረጃ እንዲወጣለት ውጭ አገር ተልኮ በፕላስቲክ ታሽጎ የተመለሰውን ጠገራ ብር አገላብጦ አየ። ብሩን ያስላከለት አስጎብኚው ሐብታሙ ወረቀቱን አነበበለት።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ ጋሽ ጠይብ! ‹የሰው እጅ ያልነካው› ብለው ትልቁን ደረጃ ሰጥተውታል። ገዢው ነገ ይመጣል።»

ሟች ሚስቱ ኢክላስ አልጋ ላይ በቆየችባቸው ሦስት ዓመታት ብሩን ከእጇ አልለየችውም። ሕመሙ ሲጠናባት በላዩ ያለችውን ንግሥት ጉንጭ በአውራ ጣቷ ታሸው ነበር። ጉንጩ አልቆ ልሙጥ ሆኗል።

«ተሳስተዋል» አለ ጠይብ።

«ቢሳሳቱስ? የጠቀሙት እርስዎን ነው!»

ጠይብ የመቀሱን ጫፍ ሰክቶ ፕላስቲኩን ፈለቀቀው።

«ኧረ ጋሼ! እሽጉ ከተከፈተ ደረጃው ይሰረዛል!» ብሎ ጮኸ ሐብታሙ።

ጠይብ አውራ ጣቱን ልሙጡ ጉንጭ ላይ አሳረፈ። ብሩ ቀዝቃዛ ነበር።